የጭቃ ልስናችን ከመሰንጠቅና ከመርገፍ አልወጣም

ከጎረቤቶቼ ጋር ሆነን ለልጆች ማንበቢያ የምትሆን ክፍል በጭቃ ጡብ እየሠራን ነው። ግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው። የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ጣሪያውም ወጣ ያለ ስለሆነ ዝናብ ብዙም አያገኘውም። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ጣጣው ልስኑ ላይ ነው። አፈሩን በጠርሙስ ውሃ በጥብጠን ስናዘቅጠው ሲሶው ያህል ሸክላ ነው። አንድ እጅ አፈር ከሁለት እጅ አሸዋ ጋር ቀላቀልን፣ የተከተፈ ጭድ ጨመርን፣ 3 ሴንቲ ሜትር አድርገን በአንድ ጊዜ ለሰንነው። በሦስተኛው ቀን ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ፀሐይ የሚመታው ጎንማ አይነሳ!

በሌላኛው ግድግዳ አሸዋውን አራት እጅ አደረግነው። አልተሰነጠቀም፤ ግን በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ልጆቹ ተደግፈውት ሲነሱ ጀርባቸው አቧራ ብቻ ነው።

አንድ ግንበኛ «ሲሚንቶ ለስኑበትና ተገላገሉ» አለን። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ጭቃውን ስለሚጎዳው እሱን አልፈልግም።

አሁን ያሰብኩት ሦስት እጅ አሸዋ፣ ጭዱን በዛ አድርጌ፣ በሁለት ስስ ዙር መለሰን ነው። ጥላ የሚሆን ሸራም አግኝተናል። የቸገረኝ የተሰነጠቀው ግድግዳ ነው። ልስኑ ሲንኳኳ አብዛኛው ቦታ ጠበቅ ብሎ ይዟል፣ ከታች በኩል ብቻ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ይህን የሠራችሁ ሰዎች፣ ሙሉ በሙሉ ልፋቀው ወይስ የላላውን ብቻ አንስቼ፣ አርጥቤ፣ አዲሱን ልደርብበት?