የኦርላንዶው የቤተሰብ ጉዞ፦ ክራንችም የልጅ ጋሪም ያለበትን የሚያስብ ዕቅድ እናውጣ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኅበራችን ቦርድ የምናቀርበው፣ ፍሎሪዳ ወዳለው የዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ የምናደርገው ጉዞ የመጀመሪያ ረቂቅ ይኸውላችሁ። ሐሙስ ጠዋት ከአትላንታ በአውቶቡስ እንነሳለን፤ ከእረፍቱ ጋር ስምንት ሰዓት ግድም ይወስዳል። ዓርብ ማጂክ ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ፣ ቅዳሜ አኒማል ኪንግደም የሚባለው፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት። ጠዋት አብረን እንገባለን፣ ማታ አብረን እንወጣለን። ሆቴሉን ርካሽ ስለሆነ ከዲዝኒ ግቢ ውጭ ነው ያሰብኩት። ጊዜው ወይ ጁን ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ወይ ከጥምቀት በኋላ። የጎደለ ካለ እዚሁ ጻፉ፣ አስተካክዬ መልሼ አወጣዋለሁ።

የማሙሽ እናት፦
ወንድሜ፣ ለድካምህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን "አብረን ገብተን አብረን እንወጣለን" የሚለው ለእኔ አይሆንም። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ በክራንች ነው የምሄደው። ቤትም ሥራ ቦታም ችግር የለብኝም። እዚያ ግን ሰው በቀን አሥር ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይራመዳል፣ በክራንች ደግሞ ትከሻዬ ከእግሬ በፊት ነው የሚዝለው። ስኩተር (ተቀምጠው የሚነዱት በባትሪ የሚሄድ ወንበር) ልከራይ እችላለሁ። ችግሩ ማሙሽ ነው፤ አምስት ዓመቱ ነው፣ እጁን ከለቀቅኩት ሮጦ ይጠፋል። የዲዝኒ ደንብ በአንድ ስኩተር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚለው፣ ልጅ ጭን ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ስኩተር እየነዳሁ ደግሞ የልጅ ጋሪ መግፋት አልችልም።

ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ስኩተሩ ሳይሆን ከአጠገቤ ሆኖ ልጄን የሚይዝልኝ ሰው ማግኘቱ ነው። "አንቺ እዚህ ጥላ ሥር አረፍ በይ፣ እኛ እናዞረዋለን" እንድትሉኝ ግን አልፈልግም። ብዙ ቦታ እንዲህ ተብያለሁ፣ በቅንነት እንደሆነም አውቃለሁ። ልጄ ዝሆን ሲያይ ፊቱን ማየት የምፈልገው እኔ ነኝ።

የእማማ ልጅ፦
እህቴ ትክክል ብለሻል። እኔም ከዚሁ ልነሳ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ስኳርም አለባት። የልጅ ልጆቿ ሲደሰቱ ለማየት ቀን እየቆጠረች ነው። ዊልቸር ስላት ግን "ገና ሳልሞት ልትገፉኝ ነው?" ትለኛለች። በእግሯ ከገባች ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንበር ላይ የቤተሰቡን ቦርሳ ስትጠብቅ ትውላለች። ምን ይሻላል?

ነርሷ፦
የእማማ ነገር የብዙ እናቶቻችን ነው፣ ብቻዋን እንዳትመስላት። ሦስት አራት ሆነው ቢቀመጡ ነገሩ በጣም ይቀላል፤ አንዷ ብቻ ስትገፋ ነው የሚከብዳቸው። ዊልቸሩን መጀመሪያ ውሃና ምግብ ጭናችሁበት ግቡ፣ ሲደክማት ራሷ "እስቲ ልቀመጥበት" ትላለች። ኢንሱሊኗን በተመለከተ አትስጋ፤ በየፓርኩ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል አለ፣ ፍሪጅ የሚፈልግ መድኃኒት ያስቀምጡላችኋል። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ክሪስታል ፓላስ ከሚባለው ምግብ ቤት ጎን ነው፣ ሕፃን የሚጠባበትና ዳይፐር የሚቀየርበት ክፍልም እዚያው አጠገቡ ነው። ምግብም ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ የብርጭቆ ዕቃና አልኮል ካልሆነ በስተቀር። ስለዚህ እንጀራው በላስቲክ ዕቃ ይገባል፣ ስኳር ያለበት ሰው በሰዓቱ ይበላል።

አሁን የማሙሽ እናት ወዳነሳችው። መጫወቻዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ይሄን ሳናውቅ ከሄድን ቀኑ ይበላሻል። አንዳንዱ ላይ ዊልቸር ላይ እንደተቀመጥሽ ትገቢያለሽ። "ኢት ኢዝ ኤ ስሞል ወርልድ" ዊልቸር የሚገባበት ጀልባ አለው፣ ዊኒ ዘ ፑም እንደዚያው፣ አኒማል ኪንግደም ያለው የኪሊማንጃሮ ሳፋሪ መኪናም እንደዚያው። ልብ በይ፣ እነዚህ ላይ ስኩተር አይገባም፤ በር ላይ ከስኩተር ወርደሽ ወደ ተራ ዊልቸር መዛወር አለብሽ። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ዳምቦ፣ ከወንበርሽ ተነስተሽ መጫወቻው ላይ መቀመጥ ይጠይቃሉ። ሠራተኞቹ ሰው ማንሳት አይፈቀድላቸውም፣ የሚደግፍሽ ከራስሽ ሰው መሆን አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ፒተር ፓን ነው። የምትሳፈሪው በሚንቀሳቀስ ወለል ላይ እየተራመድሽ ነው፣ ወለሉን አያቆሙልሽም። ለአንቺ አልመክርም።

ማሙሽ ግን ይወጣል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ 14 ዓመት የሞላው ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው አብሮት ከሆነ መሳፈር ይችላል። ወጣቶቻችን ለዚህ ይሆናሉ ማለት ነው። እንደዚህ ያሉት ጥቂት ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ካንቺ ተለይቶ አይውልም።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ የሰማሁት ዊልቸር ያለው ሰው ከነቤተሰቡ ወረፋ ሳይጠብቅ ይገባል ነው። እንደዚያ ከሆነ በየቡድኑ አንድ አንድ እናት ብናደርግስ?

ነርሷ፦
አይ ወንድሜ፣ እንደሱ አይደለም። አብዛኛው ወረፋ ዊልቸር የሚያስገባ ስለሆነ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፈህ ነው የምትጠብቀው። መንገዱ ጠባብ የሆነባቸው ጥቂት የቆዩ መጫወቻዎች ላይ ብቻ "በዚህ ሰዓት ተመለሱ" ይሉሃል፣ ያም ቢሆን የጥበቃውን ጊዜ ያህል ነው። "ዳስ" (DAS) የሚባለው፣ ወረፋ ሳይቆሙ በተነገረ ሰዓት ተመልሶ የመግባት አገልግሎት ከ2024 ወዲህ በዋናነት ኦቲዝምና የመሳሰለው የእድገት ችግር ኖሮባቸው ረጅም ወረፋ መቆም ለማይችሉ ነው። እናቶቻችንን የወረፋ ማለፊያ ማድረግም ደስ አይልም፣ እንኳን እነሱ ሰምተውት።

ይልቅ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላችሁ አላችሁ፣ ስም አልጠራም። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት በቪዲዮ ነው፣ ልጁም አብሮ መታየት አለበት። በእንግሊዝኛ ማስረዳቱ የሚከብዳችሁ ካለ አጠገባችሁ ተቀምጬ አስተረጉማለሁ። ይህ በረቂቁ ይግባ።

ሾፌሩ፦
ስለ መንገዱ እኔ ልናገር። አንደኛ፣ አውቶቡሱ ሊፍት ያለው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ስላለ ይሄ ልመና አይደለም፣ መብት ነው። የኪራይ አውቶቡስ ድርጅት ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድመን ከነገርነው ሊፍት ያለው ማቅረብ አለበት። እኔ ግን ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር ነው የምለው። በስልክ "አለን አለን" ብለው ጠዋት ደረጃ ብቻ ያለው ሲመጣ አይቻለሁ። ሰውዬውን ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞ ነው ያስገባው፣ በሕዝብ ፊት። ለማንም ሰው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ማጂክ ኪንግደም የመኪና ማቆሚያው በሩ ላይ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ መኪናም አውቶቡስም የሚያራግፈው ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ከዚያ በሞኖሬል (በአንድ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር) ወይም በመርከብ ትሻገራለህ። ሁለቱም ዊልቸር ያስገባሉ፣ ግን ጠዋትና ማታ ሁለት ጊዜ መሰለፍ አለ። የዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው ግን የሆቴሉ አውቶቡስ በሩ ላይ ያወርደዋል፣ ራምፕም አለው። በአንድ አውቶቡስ ሁለት ወይም ሦስት ዊልቸር ብቻ ስለሚይዝ ሁላችንም በአንድ ሰዓት ብንወጣ እናቶቹ ይቀራሉ። ተከፋፍለን እንውጣ።

በግል መኪና የምትመጡ፣ የጆርጂያው የአካል ጉዳተኛ ታርጋ ወይም መስተዋት ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ፍሎሪዳም ይሠራል። እቤት እንዳትረሱት።

ቅዳሜ ማታ መመለስ የሚባለውን ደግሞ ተዉት። ቀኑን ሙሉ የዋለ ልጅና እግሩ ያበጠ ሰው ጭኖ ሌሊቱን መንዳት ለእኔም ጥሩ አይደለም። እሑድ ጠዋት እንነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሾፌሩ የሚለው ገብቶኛል፣ ግን ሦስተኛ ሌሊት ሲጨመር የዲዝኒ ሆቴል ደግሞ ሲሆን ሒሳቡ ይጨምራል። ፓርኩ ውስጥ ተራ ዊልቸር በቀን ይከራያል፣ ስኩተር ግን ከእሱ በጣም ይወደዳል፣ መያዣም አለው። ቲኬት ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ከ10 ዓመት ጀምሮ የአዋቂ ዋጋ ነው። አብሮ ለሚያግዝ ሰው ነፃ ቲኬት የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ስኩተሩን ማን ይክፈል? ተጠቃሚው ወይስ ማኅበሩ?

የማሙሽ እናት፦
የራሴን ልከፍል እችላለሁ። ግን ፓርኩ ውስጥ ያለውን ስኩተር አስቀድሞ ማስያዝ አይቻልም፣ ቀድሞ የመጣ ነው የሚወስደው። ካለቀ አለቀ፣ እዚያ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ በክራንች መሄድ አለብኝ። ከፓርኩም ይዞት መውጣት አይቻልም። ሆቴል ድረስ የሚያመጡ የውጭ አከራዮች አሉ፣ ለብዙ ቀን ሲሆን በቀን ያነሰ ይጠይቃሉ፣ ማታ ክፍልሽ ውስጥ ቻርጅ ታደርጊዋለሽ። ይሄኛው ነው የሚሻለው።

ጋሼ፦
ልጆቼ፣ የስኩተር ክፍያ እንደ አውቶቡሱ የጋራ ወጪ ይሁን። አውቶቡሱን ከሁላችን ኪስ የምንከፍለው ሰው ለማድረስ ነው፤ ስኩተሩም ሰው ለማድረስ ነው። እየለየን "ይሄ የእገሊት ነው" ማለት ከጀመርን ማኅበር መሆናችን ምኑ ላይ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከጥምቀት በኋላ ከሆነ ልጆቹ ሁለት ቀን ትምህርት ይቀራሉ። ይሄ ታስቦበታል?

ነርሷ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኔ ግን ጁንን እፈራዋለሁ። የፍሎሪዳ ጁን ሙቀቱም እርጥበቱም ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ የተለመደ ነው፣ ሰዉም ብዙ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ፀሐይ ላይ መዋል ቀልድ አይደለም። በጥር መጨረሻ ጠዋት ጃኬት ያስፈልግ ይሆናል እንጂ ቀኑ ደስ ይላል። ሁለቱን ቀን ለአስተማሪዎቹ አስቀድመን ብንነግራቸውስ?

ጋሼ፦
እኔ አሁንም ልቤ ትምህርቱ ላይ ነው። በድምፅ ይወሰን፣ የብዙኃኑን እቀበላለሁ።

የሕፃናት አስተባባሪ፦
ከልጆቹ ወገን ጥቂት ልበል። ቁመታቸውን እቤት ከነጫማቸው ለኩልኝ። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር 97 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ ስፔስ ማውንቴን 112። ልጅ በር ላይ ተለክቶ ሲመለስ የሚያለቅሰው ለቅሶ ቀኑን ሙሉ አይለቅም፣ ከአሁኑ ንገሯቸው። ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ያላችሁ ወላጆች "ራይደር ስዊች" ጠይቁ፤ አንዳችሁ ስትሳፈሩ ሌላችሁ ከልጁ ጋር ትቆያላችሁ፣ ከዚያ ወረፋውን እንደገና ሳትቆሙ ትለዋወጣላችሁ።

ልጆቹን የምንጎትትባት ባለ አራት ጎማዋ ጋሪ አትገባም፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚጎተት ጋሪ ከልክለዋል። የሚገፋ የልጅ ጋሪ ነው የሚፈቀደው፣ እሱም ከ79 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ132 ርዝመት መብለጥ የለበትም። አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸውም ጋሪ ያስፈልጋቸዋል። እቤት ትልቅ ልጅ የሆነው እዚያ ከሰዓት በኋላ "እሹሩሩ" ነው የሚለው፣ የማሙሽ እናት ደግሞ ልታዝለው አትችልም።

ጸሐፊ፦
እሺ፣ የተሻሻለው ይኸውላችሁ። ለቦርዱ የሚሄደው ይህ ነው፣ ተቃውሞ ካለ ዛሬ።

ማኅበሩ ከሐሙስ እስከ እሑድ የሚቆይ የቤተሰብ ጉዞ ያዘጋጃል። አውቶቡሱ ሊፍት ያለው መሆኑ ውሉ ላይ ይሰፍራል። የእንቅስቃሴ ችግር ያለባቸው አባላትና ቤተሰቦቻቸው ዲዝኒ ግቢ ባለ ሆቴል ያድራሉ፣ ደፍ የሌለው ሻወር ያለው ክፍልም ቀድሞ ይጠየቅላቸዋል፤ ሌላው አባል ከፈለገ ውጭ ያድራል፣ የዋጋውን ልዩነት ማኅበሩ ይችላል። ስኩተርና ዊልቸር ከጋራ ወጪ ይከፈላል። በአነስተኛ ቡድን ነው የምንሄደው፤ የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ቀስ ብሎ የሚሄደው ሰው ነው። እኩለ ቀን ላይ ወደ ሆቴል ተመልሶ ማረፍ የሚፈልግ ያርፋል። ለእንቅስቃሴ ችግር ላለበት ወላጅ አንድ አዋቂና አንድ ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ወጣት ይመደባሉ። ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ሁሉም ቡድን በአንድነት የሚገባበት ይሆናል። ጊዜው በድምፅ ይወሰናል።

ገንዘብ ያዥ፦
የሆቴሉን ልዩነት ማኅበሩ ይችላል ያልከው ስንት ቤተሰብ እንደሆነ ሳላውቅ አልፈርምም። ቁጥሩን ስጡኝ፣ እኔ መንገድ እፈልጋለሁ። ስኩተሩ ላይ ግን ተስማምቻለሁ።

ነርሷ፦
ሳፋሪው ላይ አንድ ነገር፦ መኪናው በጣም ይንገጫገጫል። ወገብ ወይም አንገት የሚያመው፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ካለች አትሳፈር። እንስሳቱን በእግር የሚታይበት መንገድ እዚያው አጠገብ አለ።

የማሙሽ እናት፦
በጣም ጥሩ ሆኗል፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ቃል ብቻ ቀይሩልኝ። "ይመደባሉ" የሚለው "ወላጁ ይመርጣል" ይሁን። ማሙሽ የማያውቀው ሰው እጁን ሲይዘው ይደነግጣል፤ እኔም ልጄን ለማን እንደምሰጥ ራሴ መወሰን እፈልጋለሁ። የመረጥነው ሰው ከጉዞው በፊት እኛ ቤት መጥቶ ከልጁ ጋር ይጫወት፣ ጋሪውንም ማጠፍና መዘርጋት ይልመድ። እኔም ከስኩተር ወደ መቀመጫ ስዛወር በየት በኩል እንደምደገፍ አሳየዋለሁ። በግራ በኩል ነው፣ በቀኝ ከያዙኝ እወድቃለሁ።

ጸሐፊ፦
ተቀይሯል። ስኩተር፣ ዊልቸር ወይም ደፍ የሌለው ሻወር የሚያስፈልጋችሁ እስከ ቅዳሜ ለእኔ በግል ጻፉልኝ፣ ምክንያቱን መግለጽ አያስፈልግም። ቁጥሩን ለገንዘብ ያዥ ሰጥቼ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለቦርዱ አስረክባለሁ።