ከጎርጎራ በጀልባ ወደ ሱስንዮስ ግንብ፤ አዛውንት ይዞ ይኬዳል?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የታሪክ መምህር ነበር። ስለ አፄ ሱስንዮስ ስንቱን ተማሪ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጣና ዳር ያለውን ግንብ ግን አንድም ቀን አላየውም። ንጉሡ የተቀበረው ደግሞ እዚሁ እኛ ሰፈር፣ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ነው። አባዬ አስቀድሶ በመጣ ቁጥር «መቃብሩ ዘንድ ስንቴ ቆምኩ፣ ቤቱን ግን አላየሁለትም» ይላል። ዘንድሮ ልውሰደው ብያለሁ። ችግሩ ጉልበቱን ያመዋል፣ ውሃም ይፈራል። ከጎርጎራ ወዲያ በጀልባ ነው የሚሻለው በእግር? የሄዳችሁ ንገሩኝ።

ባለ ሚኒባሱ፦
እስከ ጎርጎራ ያለው ቀላል ነው። ከአዘዞ በቆላ ድባ አድርገሽ ነው፤ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ግን ማታውኑ ደውለሽ የመንገዱን ሁኔታ ሳትጠይቂ እንዳትነሺ። ከጎርጎራ ወዲያ ያለውን እኔ አልመክርም፤ መኪናዬንም አላስነካ። የታመመ ጉልበት ይዞ በእግርማ አይሞከርም።

የደምቢያው፦
እታለም፣ በጀልባ ውሰጂው። ውሃ መፍራቱን ተይው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እፈራለሁ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት እንደ ምጣድ ለጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይመጣል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ደግሞ ያስለቅሳል። ስለዚህ ጎርጎራ እደሩ፣ ወይም ሌሊት ተነሱና ጠዋት ውሃው ላይ ሁኑ። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቃችሁም ጨምረሽ ተናገሪ። እኔ አምና ሄጄ፣ ስሙን የማልጠራው ባለ ጀልባ ደርሶ መልስ ብሎ ተስማማ። እዚያ ስንደርስ «መጠበቂያው ለብቻው ነው» አለን። ምን ታደርጊዋለሽ? በዋና አትመለሺ! ለስድስት ሰው የነበረው ላይፍ ጃኬትም ሁለት ብቻ ነበር። አንቺ አስቀድመሽ ቁጠሪ።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። የኛ የደምቢያ ዳርቻ የእሱን መከራ ከሁሉ በላይ አይቷል። ስንመለስ ሞተሩ አቃሰተና ቀጥ አለ። ልጁ ሞተሩን ሲያነሳው ፕሮፔለሩ አይታይም፤ ሥሩ እንደ ረጠበ ጥቁር ፀጉር ተጠምጥሞበታል። በቢላ እየቆረጠ፣ በጣቱ እየነቀለ ግማሽ ሰዓት አንሳፈፈን። ከላይ ያለው ወይን ጠጅ አበባ ግን እንዴት ያምራል መሰለሽ። መርገምት ነው፣ ግን ያምራል።

አሁን ወደ ግንቡ። የፋሲልን ግንብ ዓይነት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ለአባትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት ነው። ዓይን የሚይዘው የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው፤ ማርያም ግንብ ይሉታል። ግማሹ ተደርምሷል፣ ዛፍ በቅሎበታል። ግን ጠጋ ብለሽ እዪው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ አበባ አለ፣ ጽጌረዳ የሚመስል። በጣቴ ዳር ዳሩን ሄድኩበት። ይኼን ሁሉ ዝናብ ችሎ ጠርዙ አሁንም ስለት አለው።

ብዙ አስጎብኚ «ፔድሮ ፓኤዝ የሠራው» ይላል። ፓኤዝ፣ ስፔናዊው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ፣ ጎርጎራ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው፤ ይኼ ፍርስራሹ የቆመው ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ከእሱ በኋላ ነው። አባትሽ ከእኔ በላይ ያውቁታልና አልረዝምም።

በጀልባ ያልኩሽ ግን ለጉልበታቸው ብቻ ብዬ አይደለም። በየብስ ሲመጣ ቁጥቋጦ ቁጥቋጦውን ሲገፉ ቆይቶ ድንገት የድንጋይ ክምር ላይ ነው የሚወደቀው። «ንጉሥ እዚህ ጫካ ምን ይሠራል?» ያሰኛል። ከውሃው ሲመጣ ግን መልሱ ፊት ለፊት ነው። መሬቱ ወደ ሐይቁ ገብቶ ምላስ ሠርቷል። ሦስቱን ጎን ውሃ ይጠብቀዋል። ሱስንዮስ ከተማውን ሲቀያይር የኖረ ሰው ነው፣ ቆጋ፣ ጎርጎራ፣ ደንቀዝ እያለ። እዚህ የመጣው ግን አስልቶ ነው። ወራጅ የሚጠብቅ ወደብ ግን የለም፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚረገጠው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይደግፋቸው። ምርኩዝም ያዙ።

ጣና ዳር፦
የጀልባ ነገር ሲነሳ አላስችል አለኝ። ድሮ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ድረስ በሳምንት አንዴ የምትመጣውን መርከብ የሚያስታውስ አለ? እሁድ ትነሳለች፣ ዘጌን፣ ደቅን እያለች ቁንዝላ ታድራለች፣ ሰኞ ጎርጎራ ናት። በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ሄጃለሁ። በጉ፣ ዶሮው፣ የጌሾው ማዳበሪያ፣ ሰው ሁሉ አንድ ላይ። አንዲት እናት ወለሉ ላይ ከሰል አቀጣጥላ ቡና ልታፈላ ስትል ሠራተኛው ጮኸባት። እሷ ደግሞ «አንተስ አትጠጣም?» አለችው። ጠጣ። ይቅርታ፣ ጥያቄው ይኼ አልነበረም።

ቀሃ፦
ደብረ ሲና ማርያምን ሳታዩ እንዳትመለሱ። እዚያው ጎርጎራ ነው፣ ብዙ አያስኬድም። ደብሩ ከ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ሥዕሎቹ የተሣሉት በጎንደር ዘመን ነው። መልኮታዊት፣ የፋሲል እህት፣ ግድግዳው ላይ አለችልሽ። እንግዲህ አስቢው፤ አባቷ ካቶሊክ ሆኖ አገር ሲናወጥ፣ ልጅቱ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሠራለች፣ ታሥላለች። ነጠላ አትርሺ። ምሳ ቆሮሶ ጥብስ ብሉ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ እንዳታነሱብኝ።

የአዘዞዋ፦
ሄደን መጣን! ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

ጎርጎራ አድረን ጠዋት 1 ሰዓት ውሃው ላይ ነበርን። ላይፍ ጃኬት ቆጠርኩ፤ አራት ሰው፣ አራት ጃኬት። አባዬ ጋቢውን አላወልቅም ብሎ ከላዩ ደረበው። በግ የዋጠ ዘንዶ መሰለ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ የጀልባዋን ጠርዝ ይዞ ዓይኑን አልገለጠም። አንድ ታንኳ ደንገሏን አሳብጣ በአጠገባችን ስታልፍ ግን አየና አፈረ መሰለኝ። «እሱ በሣር ተቀምጦ ይሄዳል፣ እኔ በብረት እፈራለሁ» አለ።

ያ ምላስ ያልከው ቦታ ሲታይ፣ የደምቢያው፣ አባዬ ልጁን ሞተር አስጠፋው። ጸጥ አለ። ቆይቶ «ለካ እንዲህ ነው» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ከዚያ የአስተማሪነቱ ነገር ተነሳበትና ባለ ጀልባውን ይጠይቀው ጀመር።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»
«አቋርጫለሁ ጋሼ፣ ከዘጠኝ።»
«ሱስንዮስ ማን ነው?»
«የፋሲል አባት።»
«ምን ብሎ ነው መንግሥቱን የለቀቀው?»
«ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ።»
«በስንት ዓመተ ምሕረት?»

እሱን አላወቀም። አባዬ እ.ኤ.አ. በ1632 እንደሆነ፣ ፋሲልም ከአራት ዓመት በኋላ ጎንደርን እንደቆረቆረ እዚያው ጀልባ ላይ አስተማረው። ልጁም ለመጠበቂያ አንድ ብር አልጨመረብንም።

ወጣን። ግራና ቀኝ ደግፈነው፣ አሥር እርምጃ እየሄድን እያረፍን። አበባዋን አገኘናት፤ አባዬ በነጠላዬ ጫፍ አቧራዋን ጠረገላት። እምቦጭ አልያዘንም። ደብረ ሲናም ገባን፣ መልኮታዊትን ሲያይ «አንቺን አስተምሬሽ አላውቅም» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

ጉልበቱ ግን ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ አላስነሳው ብሏል። በቅባት እያሸሁት ነው። እሱ ግን «ደንቀዝስ በምን ይኬዳል?» እያለኝ ነው። የሄደ አለ?