«ኡይር»ን ነፍስ ልበለው ወይስ ሕይወት?

ሰሎሜ ዘፒያሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። ስለ ጥንቱ የታሚል (የደቡብ ሕንድ ቋንቋ ነው) ሰዋስው አጭር ጽሑፍ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። መጽሐፉ ቶልካፒያም ነው፤ ወደ እኛ ከደረሱት የታሚል ሰዋስው መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው። አናባቢን «ኡይር» ይለዋል፤ ነፍስ ወይም ሕይወት ማለት ነው። ተነባቢን «ሜይ» ይለዋል፤ አካል ማለት። ሲገናኙ «ኡይርሜይ» ይሆናሉ። ዓረፍተ ነገሩ፦ «የሜይ እንቅስቃሴ ከ‹አ› ጋር ነው»። «ተነባቢ በአናባቢ ይነበባል» ብዬ ብገላገል ምስሉ ሞተ። ምን ልበል? ነገ ማስረከብ አለብኝ።

ግዕዝ በርቀት፦
«ሥጋ» በይው። አካል እንዳትዪ! አካል ካልሽ ባሕርይ ይከተላል፣ ከዚያ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ወደተከራከሩበት የኬልቄዶን ጉባኤ ገባን ማለት ነው።

ሰባራ ብዕር፦
ገብተን የለም እንዴ? ኡይርሜይ ተዋሕዶ ነው በቃ። 12 ነፍስ፣ 18 ሥጋ፣ 216 ተዋሕዶ።

ግዕዝ በርቀት፦
ቀስ! ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ፣ ያለ ውላጤ ነው፤ ሳይቀላቀል፣ ሳይለወጥ ማለት ነው። የታሚል «ኢ» ብቻዋን ስትጻፍ ሌላ ቅርጽ፣ ተነባቢ ላይ ስትቀጠል ሌላ ቅርጽ ነው ያላት። ይኼ ውላጤ ካልሆነ ምንድን ነው?

ሰባራ ብዕር፦
ልብስ ቀየረች እንጂ ድምፅዋ ያው ነው። ልብስ መቀየር ውላጤ ከሆነ እኔ በየቀኑ እለወጣለሁ።

ማዶ ለማዶ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። «ሜይ» እኮ የኛው «ማይ» ነው! አክሱም ከሕንድ ጋር ትነግድ ነበር። ውኃ ደግሞ ሕይወት ነው። አለቀ።

ግዕዝ በርቀት፦
ወንድሜ፣ በታሚል ውኃ «ኒር» ነው። ሕይወት የተባለው ደግሞ ኡይር እንጂ ሜይ አይደለም። በአንድ መስመር ሁለቴ ሳትክ።

ሰሎሜ ዘፒያሳ፦
ሜይ «እውነት» የሚል ትርጉምም አለው፣ ነገሩን ካላወሳሰብኩት።

ማዶ ለማዶ፦
አያችሁ! እኛስ «ሕልሙ እውን ሆነ» ስንል አካል ገዛ ማለታችን አይደል?

ሰባራ ብዕር፦
ይቺን እንኳን ወደድኳት። የማይዋን ግን ጠጣት።

እናት በናታንያ፦
ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው የመጣችውን ልንገራችሁ። በዕብራይስጥ አናባቢ «ትኑዓ» ነው የሚባለው፣ እንቅስቃሴ ማለት። ዐረቦችም አጭሩን አናባቢ «ሐረካ» ይሉታል፣ ያው እንቅስቃሴ። ሰሎምዬ፣ «እንቅስቃሴ»ን እንዳለ ተዪው።

ሳድስ ነኝ፦
«ከ‹አ› ጋር» የተባለበትም ምክንያት አለው። የታሚል ፊደል ነጠላው ሲጻፍ «አ»ን በሆዱ ይዞ ነው። ነፍሱን ማውጣት ሲፈለግ አናቱ ላይ ነጥብ ይደረግበታል፣ «ፑሊ» ይሉታል። ቶልካፒያምም የሜይ ጠባይ ከፑሊ ጋር መቆም ነው ይላል። የኛ ሳድስ (ስድስተኛው ፊደል፣ እንደ «ል») ግን ጉደኛ ነው። «ልብ» ላይ ል ነፍስ አለው፣ ብ የለውም። በምን ታውቃለህ? ምልክት የለም፤ አፍህ ነው የሚነግርህ።

አባ ቀለም፦
ልጆች፣ እኔ ቅኔ ቤት ጥሬ እየቆረጠምኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሰዋስው መሰላል ማለት ነው፤ እናንተ መሰላሉን ትታችሁ ጣሪያው ላይ ትደባደባላችሁ። ያ መጽሐፍ ሦስት ክፍል ነው፦ ፊደል፣ ቃል፣ ከዚያ የግጥም ጉዳይ። ሦስተኛውን ማን አነሳ? ተራራው የፍቅረኞች መገናኛ፣ በረሃው የመለያያ፣ ባሕር ዳርቻው የናፍቆት ነው ብሎ ለባለቅኔ ሥርዓት ያወጣል። ሰዋስው ያለ ቅኔ እንደማይሆን እነሱም አውቀውታል።

ሰባራ ብዕር፦
የኔታ፣ እጅ ነስቻለሁ። ግን ነፍስ ነው ሕይወት? ፍርዱን ይስጡና።

አባ ቀለም፦
ነፍስ፣ ነፋስ፣ እስትንፋስ፣ ሁሉም ከአንድ ቤት ናቸው። አናባቢም ትንፋሽ ነው። ሕይወት ግን ከሐይወ ይወጣል፣ እሱ ሌላ ግስ ነው...

ግዕዝ በርቀት፦
የኔታ፣ ነፍስማ ከሥጋ ተለይታ ትኖራለች። ሕይወት ተለይቶ አይኖርም። አናባቢ ብቻውን መቆም ስለሚችል ነፍስ ቢባል ያስኬዳል።

ሳድስ ነኝ፦
ብቻውንማ የሚቆመው ቃል መነሻ ላይ ነው። መሐል ላይስ?

ሰሎሜ ዘፒያሳ፦
እና... ነፍስ ብዬ ላስረክብ?

ግዕዝ በርቀት፦
ቆይ ሰሎሜ። ሰባራ ብዕር፣ የልብሱን ነገር ገና አልጨረስንም።