ከዛንዚባር ስቶክሆልም፣ በመሀል ደብረ ብርሃን 3 ሌሊት፦ ትኬቱን እንዴት እንቁረጥ?

የበረሳ ልጅ፦
ሰላም ቤቶች፣ ምክር ፈልጌ ነው። ታናሽ እህቴ ዛንዚባር ሆቴል ውስጥ መሥራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። አሁን ስቶክሆልም ባለቤቷ ጋ ልትሄድ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱም ደርሷታል። ጉዞው ከጥምቀት በኋላ ነው። እናታችን ከታመመች ወዲህ ከደጅ ስለማትወጣ ቦሌ ወስደን እናገናኛቸው ማለት አይሆንም፣ ስለዚህ ልጅቷ ራሷ ደብረ ብርሃን መጥታ 3 ሌሊት አጠገቧ እንድታድር ነው የምፈልገው። ያወዛገበን ትኬቱ ነው። አንዱ እስከ አዲስ አበባ ለብቻ፣ ከዚያ ወዲያ ለብቻ ቁረጡ፣ ይረክሳል ይለናል። ሌላው በፍጹም ይላል። ደግሞ እናቴ ቅቤና ቋንታ አዘጋጅታላታለች። የምታውቁ ንገሩኝ።

ጣርማ በር፦
እህቴ፣ አንድ ላይ ይሁን። ስትቆርጥ «መልቲ ሲቲ» የሚለውን ትምረጥ። ከዛንዚባር አዲስ አበባ የምትበርበትን ቀን ታስገባለች፣ ቀጥላ ከአዲስ አበባ የምትነሳበትን። ከ24 ሰዓት በላይ ስለምትቆይ «ስቶፕኦቨር» ይሉታል። ዋጋው ሊጨምር ይችላልና ከሁለቱ ትኬት ድምር ጋር አወዳድሩት። ትንሽ ቢበልጥም ክፈሉ። የመጀመሪያው በረራ ቢሰረዝ ቀጣዩን የሚያስተካክለው አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከሆነ ግን የሁለተኛው ትኬት ሻጭ ስለ መጀመሪያው አያገባውም፣ ካመለጣት አመለጣት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአንድ ትኬት የመጀመሪያውን በረራ ካልተሳፈረች ቀሪው ይሰረዛል። ሻንጣዋን አዲስ አበባ ላይ ትረከባለች። ካርዱን ግን ከእጇ እንዳትለየው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በሌላ የሼንገን (የጋራ ቪዛ ያላቸው የአውሮፓ አገሮች) አገር ኤርፖርት ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፣ እሷን ከዚያ የሚያድናት ካርዱ ነው።

እማማዬ፦
የምሽቱን ሰዓት ተጠንቀቁ! እኛ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። የእናቴ ትኬት 12 ጃንዋሪ 00:40 ይላል። እኛ 12 ማታ 3 ሰዓት ላይ ሻንጣ ጭነን ቦሌ ደረስን። እዚያ የሚሠራው ልጅ ወረቀቱን ሁለቴ አገላብጦ አየና «ማዘር፣ አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አላት። እናቴ ምንም አልተናገረችም፣ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። ያቺ አቀማመጧ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። 00:40 ማለት ለ12 አጥቢያ ሌሊት 6:40 ነው፣ ጃንዋሪ 11 ማታ መሄድ ነበረብን። ዛንዚባሮችም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው፣ ስለዚህ እህትሽ በስልክ የምትነግርሽ ሰዓት ከትኬቱ ጋር ላይገጥም ይችላል። የትኬቱን ፎቶ ትላክልሽና «ለዚህ ቀን አጥቢያ» ብለሽ በእጅሽ ጻፊው።

መንዜ ነኝ፦
ቅቤውንና ቋንታውን ተዉት። ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የተነጠረም ቢሆን። ኤርፖርት ላይ ይወስዱባታል። ሽሮና በርበሬ ይለፍ፣ ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬውን ግን ደህና አድርጋችሁ አሽጉት፣ ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ ልብሱ ሁሉ ያበቃለታል።

ደግሞ በበረራዋ ቀን ከደብረ ብርሃን እንዳትነሱ። 130 ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ አትናቁት፣ መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ላምበረት መናኸሪያ ደርሶም ቦሌ ገና ነው። አንድ ቀን ቀድማ አዲስ አበባ ትደር። ካፖርቷ ደግሞ እጇ ላይ ይሁን። እሷ የምትመጣው ከባሕር ዳርቻ ሙቀት ነው፣ ስቶክሆልም በዚያ ወቅት ከዜሮ በታች ይወርዳል። የጥር ውርጫችን ትንሽ ያለማምዳት ይሆናል፣ ቢሆንም ወፍራም ካልሲ ከዚሁ ግዙላት። ፓወር ባንክም ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ቦርሳ ነው።

የበረሳ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬላት ነበር፣ አንድ ላይ ልትቆርጥ ነው። ስለ ሰዓቱ ያልሽውን ስነግራት ዝም አለች፣ ለካ እሷም 01:10ን ቀን 7:10 ብላ ይዛው ኖሯል። እማማዬ፣ በጣም አመሰግናለሁ። 3 ሌሊት ያልነውን 4 አድርገነዋል፣ የመጨረሻዋን አዲስ አበባ እኔ ጋር ታድራለች። ለእናቴ የቅቤውን ነገር ገና አልነገርኳትም። ከሳምንት በፊት ነው አንጥራ በጠርሙስ የሞላችው።

መንዜ ነኝ፦
ቅቤው እዚያው ቤት ይበላ። ልጅቷ በመጣች ቀን ገንፎ ይሠራበት።