በዙር የምንጠቀምበትን መላጫ ብረቱን ሳንጎዳ እንዴት እናጽዳው?

ጺማችንን በብሩሽና በሳሙና አረፋ መላጨት የምንወድ ስድስት ሰዎች፣ ባለሁለት ስለት ምላጭ የሚገባበትን አንድ መላጫ በየተራ እየሞከርን ለቀጣዩ እናስተላልፋለን። እያንዳንዳችን የራሳችንን አዲስ ምላጭ ስለምናስገባ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው መላጫው ብቻ ነው። ተራዬ ደርሶ ጭንቅላቱን ስፈታው ግን ምላጩ ከሚያርፍበት ሳህን ሥር የደረቀ ሳሙናና ጥቂት ጸጉር አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ልጠቀምበትም ሆነ ለሚቀጥለው ሰው ልልከው አልደፈርኩም።

ሥጋቴ ከንቱ አይመስለኝም፤ መላጨት ለዓይን የማይታይ ቁስል ሊተው ይችላል፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ከሰውነት ውጭ የመበከል አቅሙን ቢያንስ ለ7 ቀናት ጠብቆ ይቆያል። በረኪና ቫይረሱን እንደሚገድል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጭንቅላቱ በክሮም የተለበጠ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነና ልባጡ በአንድ ጥግ መላጥ ስለጀመረ፣ በረኪናው የውስጡን ብረት እንዳይበላው እፈራለሁ።

እስካሁን በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከፈተግሁት በኋላ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለ10 ደቂቃ ነክሬዋለሁ። ይህ በቂ ነው ወይስ የቀጠነ በረኪና ለአጭር ጊዜ ተጠቅሞ ወዲያውኑ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል? ልባጡ የተላጠ መላጫስ ጨርሶ ከዙሩ ወጥቶ፣ መቀቀልን በሚችል ከማይዝግ ብረት በተሠራ ሌላ መተካት አለበት? ቀድሞኝ የተጠቀመውን ሰው ማሳፈር ስለማልፈልግ፣ ጉዳዩን ለቡድኑ ከማንሣቴ በፊት ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።