በፌሬል ዑደት ላይ ግራ ገብቶኛል፦ ቀዝቃዛው አየር እንዴት ሽቅብ ይወጣል?

ስለ ከባቢ አየር ዓለም አቀፋዊ ዝውውር ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ስለተያዝሁ፣ ጉዳዩን የምታውቁ እንድታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሃድሊ ዑደት አላስቸገረኝም። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀው እርጥብ አየር ሽቅብ ወጥቶ ዝናቡን ይጥላል፤ ከዚያም በከፍታ ወደ ዋልታዎቹ አቅጣጫ ተጉዞ 30 ዲግሪ ኬክሮስ ግድም ይወርዳል፤ ሲወርድም እየታመቀ ስለሚሞቅና አንጻራዊ እርጥበቱ ስለሚቀንስ እንደ ሰሃራ ያሉ በረሃዎች በዚሁ ቀበቶ ላይ ይገኛሉ።

የቸገረኝ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ያለው የፌሬል ዑደት ነው። በሥዕሎቹ ላይ አየሩ የሚወርደው ሞቃት በሆነው ጫፍ፣ የሚወጣው ደግሞ ቀዝቃዛ በሆነው ጫፍ ነው። «ሁለቱ ጎረቤት ዑደቶች እንደ ጥርስ መዘውር ያዞሩታል» የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ስለማይነግረኝ አላረካኝም። ምናልባት ይህ ዑደት በየዕለቱ የሚነፍስ ነፋስ ሳይሆን፣ የተዘዋዋሪ ማዕበሎች (በመካከለኛ ኬክሮሶች የሚጓዙ ትላልቅ የአየር ሽክርክሪቶች) ሥራ በአማካይ ሲሰላ የሚታይ ውጤት ብቻ ይሆን?

ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄም አለኝ። በምድር ወገብ ከምድር ጋር እኩል ሲዞር የነበረ አየር የማዕዘን ሞመንተሙን (በምድር ዘንግ ዙሪያ ያለውን የመዞር እንቅስቃሴ መጠን) ሳያጣ 30 ዲግሪ ቢደርስ፣ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስበት ፍጥነት በስሌቴ በሰከንድ 134 ሜትር ያህል ይሆናል፤ በዚያ ያለው የጄት ነፋስ (በከፍታ የሚነፍስ ፈጣን የአየር ጅረት) አማካይ ፍጥነት ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ቀሪውን ሞመንተም የሚወስዱት እነዚሁ ማዕበሎች ናቸው? ከሆነስ በመካከለኛ ኬክሮሶች ከምዕራብ የሚነፍሰውን የገጸ ምድር ነፋስ የሚያቆዩት እነርሱ ናቸው ማለት ነው? ቀመር ያለበት መልስ ቢሆንም አልጠላም።