ኃላፊው በሹም ሽር ተነሱ፤ የመሩልኝ ደብዳቤስ?

የደሴዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ባህር ዳር አንድ የክልል ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴና ልጄ ደሴ ናቸው። ዝውውር ጠይቄ ደጅ ስጠና ከርሜ በመጨረሻ ኃላፊው ማመልከቻዬ ላይ «በደንቡ መሠረት ይፈጸምላት» ብለው ለሰው ሀብት መሩልኝ። ማታ ዜና ላይ ሰውየው ወደ ሌላ ቢሮ መዛወራቸውን ሰማሁ። ጸሐፊያቸው እንኳ እንደ እኔ ከቴሌቪዥን ነው የሰማችው።

ሰው ሀብት ስሄድ «አዲሱ ኃላፊ ይየው» ተባልኩ። አዲሱ ኃላፊ ርክክብ ላይ ናቸው። ከርክክቡ በኋላ ስብሰባ። ቲተራቸውም (ስማቸው ያለበት ማኅተም) ገና አልተቀረጸም አሉ። በዚያ ላይ ቢሮው ከሌላ ቢሮ ጋር ይዋሃዳል፣ ድልድል ይመጣል የሚል ወሬ አለ።

የቀድሞው ኃላፊ የመሩት ነገር ይሰረዛል ወይ? ደግሞስ እነዚህን ሰዎች ማን ነው የሚያነሳቸው የሚያስቀምጣቸው? ርዕሰ መስተዳድሩ ብቻቸውን ነው? ምክር ቤቱ ነው? ወይስ ፓርቲው?

ጡረተኛው፦

እህቴ፣ ስለ ዝውውሩ ሕግ የሚያውቅ ይምጣልሽ። ስለ ሹም ሽሩ እኔ ላውራ። ጡረታ እስክወጣ የክልል ቢሮ ዕቅድ ክፍል ነበርኩ። ስንቱን ሹም ሸኝቼ ስንቱን ተቀብያለሁ።

ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። በ1994 በተሻሻለው የአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት በምክር ቤቱ አብላጫ ወንበር ያለው ፓርቲ ከአባላቱ መካከል ርዕሰ መስተዳድሩን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ይሾማል። ርዕሰ መስተዳድሩ ደግሞ የካቢኔ አባላቱን መርጠው ያቀርባሉ፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። የቢሮ ኃላፊ የምክር ቤት አባል መሆን አይጠበቅበትም፤ ከውጭም ይመጣል። ምክትል ቢሮ ኃላፊዎች ግን ካቢኔ ውስጥ አይቆጠሩም። ለእነሱ ጉባኤ አይጠራም፣ በደብዳቤ ያልቃል። ይህቺን ያዢያት፣ ትጠቅምሻለች።

በተግባር ግን ስሙ ጉባኤው አዳራሽ ከመድረሱ በፊት ፓርቲው ዘንድ አልቋል። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ያየሁት ሹመት እንዲህ ነበር። የተሿሚው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ይነበባል። አንድ ሁለት አባላት ይጠይቃሉ፣ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ «ሴቶች ለምን አነሱ» ነው። አፈ ጉባኤው ድምፅ ያሰጣሉ፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ሻይ ዕረፍት ላይ «ሹመት ያዳብር» የሚለው ሰው ሰልፍ ነው። የተነሳው ሰውዬ አጠገብ ግን አንድ ሾፌሩ ብቻ ቆሞ ታያለሽ። እሱም መኪናውን ለማን እንደሚያስረክብ ሊጠይቅ ነው የቆመው።

አሁን ደግሞ ከላይ ያለውን ቁጠሪ። ገዱ አንዳርጋቸው ወርደው ዶ/ር አምባቸው መኮንን የካቲት 29 ቀን 2011 ተሾሙ። ሰኔ 15 ቀን ከባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። ያን ቀን ባህር ዳር የነበረ ሰው ስለሱ ማውራት አይወድም፣ ልለፈው። ሐምሌ ላይ ተመስገን ጥሩነህ መጡ። ጥቅምት 2013 ላይ እሳቸው ወደ ፌዴራል ሄደው አገኘሁ ተሻገር ተተኩ። ከምርጫው በኋላ መስከረም 20 ቀን 2014 ዶ/ር ይልቃል ከፋለ ተሾሙ። ነሐሴ 19 ቀን 2015፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወር ሳይሞላው፣ አረጋ ከበደ ተሾሙ። የአንድ ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ባነሰ ጊዜ አምስት ርዕሰ መስተዳድር ተሹሟል ማለት ነው።

አዲስ ርዕሰ መስተዳድር ሲመጣ ደግሞ የራሱን ካቢኔ ያዋቅራል። አዲስ የቢሮ ኃላፊ ሲመጣ ዕቅዱ ይከለስ ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ ዕቅድ ክፍሎች ሽፋኑንና መቅድሙን ቀይረን ሠንጠረዡን እንዳለ እንሰጣቸው ነበር። አንዳቸውም አልነቁብንም። ሠንጠረዡን የሚያነብ ኃላፊ ቢመጣ ኖሮ ደንግጬ እሞት ነበር!

ሸዋዬ፦

ጋሼ፣ ዋናውን ነገር ዘለሉት። ሹመት ሲነገር ቤታችን ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ተማረ» አይደለም፣ «የየት ሰው ነው» ነው። ጎንደር ስንት ደረሰው፣ ጎጃም ስንት፣ ወሎ ስንት፣ ሸዋ ስንት ተብሎ በጣት ይቆጠራል። አባቴ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ካቢኔውን ከርዕሰ መስተዳድሩ በፊት ያዋቅራል።

ጡረተኛው፦

ሸዋዬ፣ ልክ ነሽ። ሕገ መንግሥቱ ላይ የአውራጃ ኮታ የሚል የለም። አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው እንጂ ጎጃምና ሸዋ እያለ የሚያከፋፍል አንቀጽ የለም። ሥራ ላይ ግን አለ፣ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ስብጥሩን አልጠላውም። ክልሉ ሰፊ ነው፣ ሰቆጣ ላይ ያለ ሰው ባህር ዳር የሚያውቀው ፊት ቢኖር ምን ነውር አለው? የሚያናድደኝ ከአንድ አካባቢ ሰው ሲነሳ ክፍተቱን ለመሙላት ተብሎ ከብት የማያውቅ ሰው እንስሳት ሀብት ላይ ሲቀመጥ ነው። አሁን ሥልጠና ላኩት፣ እስኪለምደው ደግሞ ሌላ ሹም ሽር ደረሰ።

ሕግ ነክ፦

የደሴዋ፣ ወደ ደብዳቤሽ እንመለስ። ውሳኔው የቢሮው እንጂ የሰውየው የግል ንብረት አይደለም። ኃላፊው በሥልጣን ላይ እያሉ ፈርመው ቀን ከጻፉበት፣ በመነሳታቸው ብቻ ዋጋ አያጣም። አዲሱ ኃላፊ ሊለውጡት ቢፈልጉ ምክንያት ሰጥተው ይለውጡት፣ ያኔ ቅሬታ የማቅረብ መብት አለሽ።

ግን ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ «በደንቡ መሠረት» የምትለዋ ቃል ለሰው ሀብት መውጫ በር ናት። ደሴ ያለው ተቀባይ መሥሪያ ቤት ክፍት መደብ አለኝ፣ እቀበላታለሁ ብሎ ጽፏል? ሁለተኛ፣ ማመልከቻሽ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር አለው? ቁጥር ከሌለው ነገ «ምን ማመልከቻ?» ይሉሻል።

ድልድሉን ደግሞ ወሬ ነው ብለሽ አትናቂው። ቢሮ ሲዋሃድ የመጀመሪያው ነገር ዝውውርና ቅጥር ማቆም ነው። አዲሱን ኃላፊ አትጠብቂ። ጡረተኛው እንዳሉት ምክትሎቹ ከካቢኔው ጋር አልተነሱም፤ በውክልና «ለ» ብለው መፈረም ይችላሉ።

የደሴዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደሴው የስምምነት ደብዳቤ እጄ ላይ ነው፣ ቁጥርም ማኅተምም አለው። ማመልከቻዬም ገቢ ተደርጓል። ምክትሉን ነገ ልሞክራቸው። ትንሽ ቁጡ ናቸው ይባላል እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም።

ጡረተኛው፦

ነገ ሰኞ ነው፣ ማኔጅመንት ይሰበሰባል። ከ2:30 በፊት ድረሺ። ጥበቃውን «ገብተዋል ወይ» ብለሽ አትጠይቂ፣ ሁልጊዜ «አልገቡም» ነው የሚለው። ቀጥ ብለሽ ጸሐፊያቸው ጋ ሂጂ። የደሴውን ደብዳቤ ዋናውን እንዳትሰጪ፣ ኮፒውን ስጪ።